ዕጣው ቀድሞ ከወጣ ጥፋቱ የማን ነው? የግሪክ አማልክት፣ ዕጣ ፈንታና ፍትሕ

የኤዲፐስን ታሪክ ያልሰማ ጥቂት ነው። ሳያውቅ አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባው ንጉሥ ነው። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ አንድ መደምደሚያ ይከተለዋል፦ «ግሪኮች ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተወሰነ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሰው ቢፍጨረጨር ከዕጣው አያመልጥም።»

ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግን ተውኔቶቹን ገልጦ ለሚያነብ ሰው አይገጥምለትም። ሁሉም ነገር የተወሰነ ከሆነ ኤዲፐስ ለምን በገዛ እጁ ዓይኑን ያጠፋል? አቴናውያንስ እናቱን የገደለ ልጅ የሚዳኝበትን ችሎት መድረክ ላይ ምን አስቆማቸው? ዕጣ ሁሉን ከወሰነ ዳኛ ምን ይሠራል?

ይህን ለመረዳት አማልክቱን፣ ዕጣውንና ፍትሑን ነጣጥሎ ማየት ያስፈልጋል። ግሪኮቹ ራሳቸው አንዳንዴ ያደባልቋቸዋል። እኛ ቀስ ብለን እንሂድ።

ይህን ሁሉ ከየት ነው የምናውቀው?

የጥንት ግሪኮች እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም እንደ ቁርዓን ያለ አንድ የእምነት መጽሐፍ አልነበራቸውም። ሃይማኖታቸው በአብዛኛው የሚደረግ ነገር ነው፦ መሥዋዕት፣ በዓል፣ ስእለት። የአማልክቱን ታሪክ የሚያወሩት ባለቅኔዎች ናቸው። ከደረሱን ሁሉ የቆዩት ሆሜርና ሄሲዮድ ሲሆኑ ዘመናቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ይገመታል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

ትራጀዲ፣ ማለትም አሳዛኝ ተውኔት፣ የገነነው ኋላ ላይ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት አቴንስ ውስጥ ነው። ጸደይ በገባ ቁጥር ዲዮኒሶስ ለተባለው አምላክ ታላቅ በዓል ይከበራል። በበዓሉ ሦስት ደራስያን ይወዳደራሉ። እያንዳንዳቸው ሦስት ትራጀዲና አንድ የፌዝ ተውኔት ይዘው ይቀርባሉ። መድረኩ በአክሮፖሊስ ኮረብታ ደቡባዊ ግርጌ ነበር፤ ፍርስራሹ ዛሬም ይጎበኛል። ከተጻፉት መቶዎች ተውኔቶች ሙሉ ሆነው የደረሱን ግን በሦስት ሰዎች ስም የሚታወቁት ብቻ ናቸው፦ የኤስኪለስ፣ የሶፎክልስና የዩሪፒደስ። ተደምረው ከ33 አይበልጡም።

ስለዚህ አንዱ ታሪክ ብዙ መልክ አለው። በሆሜር «ኦዲሲ» ውስጥ ኤዲፐስ ጉዱ ከወጣ በኋላም እየተሠቃየ በቴብስ ዙፋን ላይ ይቆያል። ዓይኑን አጠፋ የሚል ነገር እዚያ የለም። እሱን የምናየው በሶፎክልስ ነው። እና «ግሪኮች እንዲህ ያምኑ ነበር» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ «የትኛው ባለቅኔ ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ አይደለም።

አማልክቱ ጻድቃን ናቸው እንዴ?

በአንድ ፈጣሪ አምኖ ያደገ አንባቢ በቀላሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የግሪክ አማልክት ዓለምን አልፈጠሩም፤ ዓለም ውስጥ ተወለዱ። በሄሲዮድ ትረካ ሰማዩ ኡራኖስ ሥልጣኑን በልጁ በክሮኖስ ተቀማ። ክሮኖስ ደግሞ በልጁ በዜውስ ተገለበጠ። ዜውስ ዙፋኑን ያገኘው ተዋግቶ ነው።

አማልክቱ አይሞቱም። ጉልበታቸውም ከሰው ጋር አይወዳደርም። ከዚያ ውጭ ይቀናሉ፣ ይዋሻሉ፣ ያፈቅራሉ፣ ያኮርፋሉ። ከሰው የሚፈልጉት ዋናው ነገር ክብር ነው። ውደዱን አይሉም፤ አትርሱን ነው የሚሉት። መሥዋዕቱ የተረሳበት አምላክ ለቁጣው ሌላ ምክንያት አይፈልግም።

ቢሆንም ዜውስ የፍትሕ ጠባቂ ተብሎ ይጠራል። በተለይ እንግዳን፣ ተማጽኖ የመጣን ሰውና መሐላን ይጠብቃል። በሄሲዮድ ግጥም ዲኬ የምትባለው የፍትሕ አምላክ የዜውስ ልጅ ናት። ሰዎች ፍርድ ሲያጣምሙ ሄዳ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ትከሳቸዋለች። ዜውስ በምድር ላይ የሚዞሩ 30,000 የማይሞቱ ጠባቂዎችም አሉት። ሄሲዮድ ይህን የጻፈው በነገር ተነሥቶ ነው። ፔርሴስ ከሚባል ወንድሙ ጋር በውርስ ተካሷል፤ ፈራጆቹንም ጉቦ በላተኞች እያለ ይሰድባቸዋል። ምድር ላይ ፍትሕ ያጣ ሰው አቤቱታውን ወደ ላይ ሲያወጣው ነው የምናነበው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል መፍታት ይጠቅማል። «ሁብሪስ» ብዙ ጊዜ «ትዕቢት» ተብሎ ይታለፋል። ለአቴናውያን ግን ልብ ውስጥ ያለ ኩራት ብቻ አይደለም። ሌላውን ሰው ሆን ብሎ ማዋረድ ነው፤ በሕጋቸውም ክስ የሚመሠረትበት ወንጀል ነበር።

ዕጣ ፈንታ ምንድን ነው? ዜውስስ ሊሽረው ይችላል?

ግሪኮች ዕጣን «ሞይራ» ይሉታል። ትርጉሙ ድርሻ ነው። ቅርጫ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሐሳቡ ቶሎ ይገባዋል። በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል፣ ዕጣ ይጣላል። የደረሰህን ትወስዳለህ። የጎረቤትህን መደብ ከነካህ ጠብ ነው። ሆሜርም ይህንኑ ቃል ግብዣ ላይ ለሚታደል የሥጋ ድርሻ ይጠቀምበታል።

አማልክቱም ተካፍለዋል። ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው በሆሜር «ኢሊያድ» ውስጥ ፖሰይዶን ዜውስ ሲያዘው ይቆጣና ያስታውሰዋል፦ ሦስት ወንድማማቾች ዕጣ ተጣጣልን፤ ለአንተ ሰማዩ፣ ለእኔ ባሕሩ፣ ለሐዴስ የሙታን ዓለም ደረሰ፤ ምድርና ኦሊምፖስ ግን የጋራችን ናቸው። የአማልክት ንጉሥ እንኳ የያዘው ድርሻውን ነው ማለቱ ነው።

ከሰው ድርሻ ትልቁ ሞት ነው። ስለዚህ በሆሜር ዘንድ ሞይራ በአብዛኛው የመሞቻን ቀን ያመለክታል። ሰው ጠዋት ተነሥቶ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚጣላ የሚወስን ዝርዝር ደብተር አይደለም። ተደጋግሞ የሚጠፋው ይህ ልዩነት ነው።

ኋላ ሞይራ ሦስት እህትማማቾች ሆነው ተሳሉ። ክሎቶ ትፈትላለች፣ ላኬሲስ ትመድባለች፣ አትሮፖስ ትቆርጣለች። ሄሲዮድ በአንዱ ቦታ የሌሊት ልጆች ናቸው ይላል። በዚያው ግጥም ሌላ ቦታ ላይ የዜውስ ልጆች ያደርጋቸዋል። ይህ ተራ መዘባረቅ አይመስለኝም። ዕጣ ከዜውስ ይቀድማል ወይስ ከእሱ ይወጣል የሚለው ጥያቄ እልባት እንዳላገኘ ያሳያል።

ዜውስ ራሱ የተፈተነበት ጊዜ አለ። ሳርፔዶን የሊክያ ንጉሥ ሲሆን የዜውስ ልጅ ነው። በትሮይ ጦር ሜዳ በግሪኩ ተዋጊ በፓትሮክለስ እጅ ሊሞት ነው። አባትየው ያመነታል፤ ልጄን ነጥቄ ላውጣው ይላል። ሚስቱ ሄራ አትችልም አላለችውም። መልሷ ባጭሩ ይህ ነው፦ አድርገው፤ እኛ ሌሎቹ ግን አናመሰግንህም። የሌሎች አማልክት ልጆችም እዚያው እየተዋጉ ነው፤ ሁሉም ልጄን ላውጣ ካለ ምን ይቀራል? ዜውስ እሺ አለ። ለልጁ ክብር በምድር ላይ የደም ጠብታ አዘነበ፤ ሳርፔዶንም ሞተ።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ዕጣ የሚጸናው ዜውስ አቅም አጥቶ አይደለም። ክፍፍሉን ከጣሰ ሥርዓቱ ይፈርስበታል።

ለእኛ ቀረብ የሚለው ደግሞ የሜምኖን ታሪክ ነው። ሜምኖን የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፣ የንጋት አምላክ የኤኦስ ልጅ ነው። የትሮይ ጀግና ሄክተር ከሞተ በኋላ ትሮይን ሊረዳ ይመጣል። በነገራችን ላይ ግሪኮች በዚያ ዘመን «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር፣ አንዳንዴም የዓለምን ዳርቻ ነው፤ የዛሬዋን አገር ካርታ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ሜምኖንና የግሪኮቹ ጀግና አኪለስ ሲገጥሙ የሁለቱም እናቶች አማልክት ናቸው። ኤስኪለስ ይህን በአንድ ተውኔት ጽፎት ነበር። ተውኔቱ ጠፍቷል። ፕሉታርክ የተባለ ጸሐፊ ግን በኋላ ዘመን ትዕይንቱን ጠቅሶታል፦ የሁለቱ ጀግኖች ነፍስ በዜውስ ሚዛን ላይ ነው፤ ቴቲስ በአንድ ወገን፣ ኤኦስ በሌላው ወገን ቆመው ስለ ልጆቻቸው ይለምናሉ። በታሪኩ ሜምኖን ይሞታል። እናቱ የተረፋት ከሞተ በኋላ ዘላለማዊ ሕይወት እንዲሰጠው ዜውስን መለመን ነበር፤ እሱ ተፈቅዶላታል።

ሚዛኑን ልብ በሉ። ዜውስ ይመዝናል እንጂ ክብደቱን አይጨምርም።

ዕጣ ካለ ምርጫ ከየት ይመጣል?

ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ነው።

በ«ኢሊያድ» ላይ የግሪክ ጦር መሪ አጋሜምኖን አኪለስን በሰው ፊት አዋርዶ ምርኮኛ ሴቱን ይወስድበታል። በዚህ የተነሣ ብዙ ሠራዊት ያልቃል። ኋላ ሲታረቁ አጋሜምኖን ተነሥቶ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ይላል። ዜውስ፣ ሞይራና ኤሪኒስ ልቤን ጋርደውት ነው ባይ ነው። ኤሪኒሶች የደም ተበቃይ አማልክት ናቸው፤ ኋላ በሰፊው እንመጣባቸዋለን። የልብ መጋረዱን ግሪኮች «አቴ» ይሉታል። እስከዚህ ድረስ የተለመደ ሰበብ ይመስላል። የሚገርመው ቀጥሎ የሚለው ነው፦ ልቤ ስለተጋረደ፣ ዜውስም አእምሮዬን ስለወሰደው፣ ካሳ እከፍላለሁ። ደግሞም ብዙ ነው የከፈለው።

እኛ ብንሆን «አምላክ ነው ያደረገኝ» ያለ ሰው ካሳ አልከፍልም ሊል ነው ብለን እንጠብቃለን። ለእነሱ ሁለቱ አይጋጩም። አምላክ ገፍቶታል፤ ያደረገው ግን እሱ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ድርብ ምክንያት ይሉታል። አንድ ድርጊት ሁለት ሙሉ ባለቤት አለው። ግማሽ ለአምላክ ግማሽ ለሰው ተብሎ አይከፈልም።

ይህን ካልያዝን ትራጀዲ ውስጥ ገብተን እንጠፋለን።

«ኦዲሲ» ሲጀምር ደግሞ ዜውስ ራሱ ያማርራል። ፖሰይዶን መሥዋዕት ሊቀበል ወደ ኢትዮጵያውያን ሄዶ ስለነበር ሌሎቹ አማልክት በሌለበት ተሰብስበዋል። ዜውስ የሚለው፣ ሰዎች መከራ ሁሉ ከእኛ እንደሚመጣ ያወራሉ፤ ነገር ግን በራሳቸው እብሪት ከድርሻቸው በላይ መከራ ይጨምራሉ። ምሳሌው ኤጊስቶስ ነው። የአጋሜምኖንን ሚስት እንዳይነካ፣ እሱንም እንዳይገድል ሄርሜስን ልከን አስጠንቅቀነው ነበር፤ አልሰማም፤ ዋጋውን አገኘ ይላል። «ከድርሻቸው በላይ» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ትናገራለች። ዕጣ ጣሪያ አይደለም፤ ሰው ሊያልፈው ይችላል ማለት ነው፤ ያውም ወደ ባሰው።

ኤዲፐስስ? እሱ ምን ምርጫ ነበረው?

የሶፎክልስን ተውኔት በቅደም ተከተል እንየው። የቴብስ ንጉሥ ላዮስ ልጅህ ይገድልሃል የሚል ትንቢት ከዴልፊ ይደርሰዋል። ዴልፊ የአፖሎ መቅደስ ናት፤ ፒቲያ የምትባል ካህን በአፖሎ ስም ትናገርባታለች። ልጁ ሲወለድ ቁርጭምጭሚቱን አሥረው ተራራ ላይ እንዲጣል ለእረኛ ሰጡት። እረኛው አንጀቱ አልቻለም፤ ለሌላ እረኛ አሳልፎ ሰጠው። ልጁ በቆሮንቶስ ንጉሥ ቤት አደገ። አድጎ አንድ ቀን ግብዣ ላይ ሰካራም ሰው «አንተ የአባትህ ልጅ አይደለህም» አለው። ወላጆቼ እነማን ናቸው ብሎ ሊጠይቅ ዴልፊ ሄደ። ለጥያቄው መልስ አላገኘም። አባትህን ትገድላለህ፣ እናትህን ታገባለህ ተባለ። ደንግጦ ወደ ቆሮንቶስ ላለመመለስ ወሰነ። ሦስት መንገድ በሚገናኝበት ቦታ ላይ አንድ ሽማግሌ ከሠረገላ ላይ ሆኖ መታው፤ እሱም ሽማግሌውንና ከአንዱ በቀር አብረውት የነበሩትን ገደለ። ከዚያ ስፊንክስ የተባለችውን አውሬ እንቆቅልሽ ፈቶ ቴብስን አዳነ፤ ንግሥቲቱን ዮካስታን አገባ።

ይህ ሁሉ ግን ተውኔቱ ከመጀመሩ በፊት ያለፈ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። መጋረጃው ሲገለጥ ትንቢቱ ተፈጽሞ አልቋል። መድረክ ላይ የምናየው ኤዲፐስ የሚሠራውን ሁሉ የዴልፊው ትንቢት አልተናገረበትም።

ምን ይሠራል? ይመረምራል። ከተማዋ በወረርሽኝ እያለቀች ነው። ዴልፊ የላዮስን ገዳይ አስወጡ ብላለች። ኤዲፐስ ገዳዩን በሕዝብ ፊት ረገመ፤ ራሱን መርገሙን ሳያውቅ። ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬስያስ ተወው ብሎት ነበር። ዮካስታ ነገሩ ቀድሞ ሲገባት አትፈልግ ብላ ለመነችው። የመጨረሻው ምስክር፣ ያ እረኛ፣ የሚያስፈራውን ልናገር ደርሻለሁ ሲለው ኤዲፐስ መለሰ፦ እኔም ልሰማው ደርሻለሁ፤ ግን መስማት አለብኝ። በሦስቱም ቦታ ማቆም ይችል ነበር።

ዓይኑን ካጠፋ በኋላ መድረክ ላይ ያሉት አዛውንት የትኛው አምላክ አነሣሣህ ብለው ይጠይቁታል። መልሱ ድርብ ምክንያትን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። መከራዬን ያመጣው አፖሎ ነው ይላል፤ የመታው እጅ ግን የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው።

እሺ፣ ግን ጥፋተኛ ነው?

ሁለት ነገር መለየት አለበት። አንዱ ርኩሰት ነው፤ ግሪኮች «ሚያስማ» ይሉታል። ደም ያፈሰሰ ሰው ይረክሳል፤ ርኩሰቱ ያለበትን ከተማ ይበክላል። ለዚህ አስቦ አደረገ ሳያስብ አደረገ ልዩነት የለውም። የቴብስ ወረርሽኝ የመጣው ከዚህ ነው። ሌላው በሕግ መጠየቅ ነው። እዚያ ሐሳብ ይታያል። አቴናውያን የነፍስ ግድያ ክስን በተለያየ ችሎት ነበር የሚያዩት። ሆን ብሎ የገደለ አርዮስፋጎስ ይቀርባል፤ ሳያስብ የገደለ ፓላዲዮን፤ ገድያለሁ ግን ሕግ ይፈቅድልኛል የሚል ደግሞ ዴልፊኒዮን።

ሶፎክልስ በእርጅናው ወደ ኤዲፐስ ተመልሶ ሌላ ተውኔት ጻፈ። መድረክ የታየው ደራሲው ከሞተ በኋላ በ401 ነው። እዚያ ውስጥ ሽማግሌው ኤዲፐስ ራሱን ይከላከላል። አንድ ሰው ሊገድልህ ቢመጣ አባቴ ነህ ብለህ ትጠይቀዋለህ ወይስ ትከላከላለህ? አላወቅሁም፤ በሕግ ፊት ንጹሕ ነኝ ይላል። ያው ሰው ግን መርከሱን አይክድም። የረዳውን የአቴንስን ንጉሥ ሊስም ካለ በኋላ ራሱን ያቅባል፤ በእኔ ዓይነቱ መነካት የለብህም ብሎ።

አርስቶትል ትራጀዲን ሲያብራራ የጀግናው ውድቀት ከ«ሐማርቲያ» ይመጣል ይላል። በየመማሪያው «የባሕርይ ጉድለት» ተብሎ ይተረጎማል። ነገር ግን ቃሉ ስሕተት፣ መሳት ማለት ነው። አርስቶትልም ውድቀቱ ከክፋት የመጣ አይደለም ብሎ በግልጽ ጽፏል። የኤዲፐስን ጥፋት በቁጣው ወይም በኩራቱ መፈለግ፣ በእኔ ግምት፣ ተውኔቱ ያልጠየቀውን ጥያቄ መመለስ ነው።

የአባት ዕዳ ለልጅ ይተርፋል?

ብዙ ግሪኮች አዎ ይሉ ነበር። የአቴንሱ ሕግ አውጪ ሶሎን በግጥሙ አንዳንዱ ወዲያው ይከፍላል፣ አንዳንዱ ቆይቶ፤ ያመለጠ እንደሆነ ምንም ያላደረጉ ልጆቹ ይከፍላሉ ይላል። ዜውስ አይቸኩልም፤ አይረሳምም።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ የአትሬዎስ ቤት ነው። አትሬዎስ የወንድሙን የቲየስቴስን ልጆች አርዶ ለአባታቸው አበላው። አጋሜምኖን የአትሬዎስ ልጅ ነው። ኤጊስቶስ ከእርዱ የተረፈው የቲየስቴስ ልጅ ነው። ኤስኪለስ በ458 ይህን ደም በሦስት ተከታታይ ተውኔቶች አቀረበው፤ ሦስቱም ሳይጎድሉ የደረሱን ከዚህ ሌላ ስብስብ የለም።

የትሮይ ጦርነት የፍትሕ ጦርነት ተብሎ ነው የተጀመረው። የትሮይ ልዑል ፓሪስ በእንግድነት ከገባበት ቤት የሰው ሚስት ይዞ ጠፍቷል፤ እንግድነትን የሚጠብቀው ዜውስ አጋሜምኖንን ለቅጣት ይልካል። መርከቦቹ ግን አውሊስ በተባለ ወደብ ላይ በነፋስ ታገቱ። አርጤምስ ተቆጥታለች፤ ቁጣዋ የሚበርደው አጋሜምኖን ልጁን ኢፊጌንያን ሲሠዋ ነው ተባለ። አንዱ አምላክ ሂድ ይላል፤ ሌላዋ የመሄጃውን ዋጋ ልጅህ ናት ትላለች። አጋሜምኖን እምቢ ማለትም ከባድ፣ ልጄን ማረድም ከባድ እያለ ይቆዝማል። ቀጥሎ ኤስኪለስ የተጠቀመበት አነጋገር ነው ሰዎችን እስከ ዛሬ የሚያከራክረው፦ የግዴታን ቀንበር «ለበሰ» ይላል። ቀንበሩ ነበረ። አንገቱን ያስገባው ግን እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ልቡ ተለወጠና ሁሉን ለማድረግ ደፈረ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመለስ ሚስቱ ክሊተምነስትራ በመታጠቢያው ውስጥ በልብስ ጠቅልላ ገደለችው። አልደበቀችም። መጀመሪያ እኔ ነኝ፣ እጄ ሠርቶታል አለች። ኋላ ደግሞ የዚህ ቤት የቆየ እርግማን በእኔ መልክ መጥቶ ነው አለች። መድረክ ላይ ያሉት የከተማዋ አዛውንት ሁለቱንም ሰምተው መለሱላት። ከዚህ ግድያ ንጹሕ ነሽ ብሎ ማን ይመሰክርልሻል? እርግማኑ አግዞሽ ሊሆን ግን ይችላል። የእርግማኑን መኖር አልካዱም፤ ከተጠያቂነት ግን አላወጣትም።

ደም መመለስ እንዴት ችሎት ሆነ?

አሁን ተራው የልጁ የኦሬስቴስ ነው። የአባቱን ደም ካልመለሰ አፖሎ እጅግ አስፈሪ ቅጣት ዝቶበታል። ከመለሰ እናቱን ሊገድል ነው። ሰይፉን ይዞ አመነታ። በተውኔቱ ሁሉ ዝም ብሎ የቆየው ጓደኛው ፒላዴስ ሦስት መስመር ብቻ ተናገረ፦ ሰው ሁሉ ጠላትህ ይሁን እንጂ አማልክቱን ጠላት አታድርግ። ኦሬስቴስ ገደላት።

ኤሪኒሶች ተነሡበት። ክሊተምነስትራ ባሏን ስትገድል ለምን ዝም አላችሁ ሲባሉ መልሳቸው ሕግ የሚያውቅ ሰው መልስ ነው፦ ባልና ሚስት የሥጋ ዘመድ አይደሉም። እነሱ የሚከታተሉት የሥጋ ዘመዱን ደም ያፈሰሰውን ነው።

ችግሩ ይታያችኋል? በዚህ ቤት የገደለ ሁሉ ፍትሕ አደረግሁ ብሏል። ሁሉም ምክንያት አለው። እያንዳንዱ ፍትሕ ደግሞ ቀጣዩን ደመኛ ይወልዳል። «ያደረገ ይደረግበታል» የሚለው ሕግ ራሱን የሚያቆምበት መንገድ የለውም።

ሦስተኛው ተውኔት ላይ ኦሬስቴስ ሸሽቶ አቴንስ ይገባል፤ የከተማዋን ጠባቂ አምላክ የአቴናን ምስል ያቅፋል። አቴና ክሱን ሰምታ ያልተጠበቀ ነገር ተናገረች። ይህ ጉዳይ ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ እኔም ብቻዬን ልፈርድበት አይገባኝም አለች። ከከተማዋ ሰዎች ዳኞች መርጣ አስማለች። ችሎቱ የተቀመጠበት ኮረብታ አርዮስፋጎስ ነው፤ የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ጳውሎስ ከአቴንስ ሰዎች ጋር ከተነጋገረበት ቦታ ያስታውሰዋል።

ክርክሩን ጠበቃ ቢያየው ያፍራል። አፖሎ እናት ወላጅ አይደለችም፣ የአባትን ዘር የምታሳድግ ብቻ ናት ይላል። ማስረጃ ብሎ የሚያቀርበው አቴናን ራሷን ነው፤ ከዜውስ ራስ ነው የተወለደችው። ድምፁ እኩል ለእኩል ወጣ። አቴና ቀድማ ድምፄ ለኦሬስቴስ ነው ብላ ነበር፤ ነጻ ወጣ። በእውነተኛው የአቴንስ ችሎትም ድምፅ እኩል ከሆነ ተከሳሹ ይለቀቃል።

ግማሹ ዳኛ ጥፋተኛ ነው ብሏል። ኤስኪለስ ጥያቄው ተፈታ አላለም። ደሙ እንዲቆም ብቻ ነው ያደረገው።

ተውኔቱ እዚያ አያልቅም፤ ለእኔ ዋናው ክፍል የሚመጣው ከፍርዱ በኋላ ነው። የተሸነፉት ኤሪኒሶች ምድራችሁን እናመክናለን ብለው ይዝታሉ። አቴና አባቴ መብረቅ አለው ብላ ጠቆም ታደርጋለች፤ ግን አትጠቀምበትም። ደጋግማ ትለምናቸዋለች። ከኮረብታው ሥር መኖሪያ፣ በጋብቻና በልጅ መወለድ ጊዜ መሥዋዕት እንደሚሰጣቸው ቃል ትገባለች። በመጨረሻ እሺ ይላሉ። ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ለዳኞቹም ፍርሃትን ጨርሳችሁ ከከተማው አታስወጡ ብላ መክራ ነበር፤ ምንም የማይፈራ ሰው ጽድቅን አያደርግም።

ተመልካቹ ይህን ሲያይ በልቡ ሌላ ነገር ነበረው። ከአራት ዓመት በፊት በ462 ኤፊያልቴስ የሚባል ፖለቲከኛ የአርዮስፋጎስን ምክር ቤት ሥልጣን አብዛኛውን ገፎ ለሕዝቡ ጉባኤና ለሕዝቡ ችሎቶች አዛውሮት ነበር። ለአርዮስፋጎስ በዋናነት የቀረለት የነፍስ ግድያ ክስ ነው። ኤፊያልቴስ ብዙም ሳይቆይ ተገደለ። ኤስኪለስ ለውጡን ደገፈ ወይስ ተቃወመ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። የእርስ በርስ ደም እንዳይመጣ መፍራቱን ግን ተውኔቱ ውስጥ ደጋግሞ ተናግሯል።

ሁሉም በዚህ ተስማምተው ነበር?

በፍጹም። ዩሪፒደስ አማልክቱን ራሳቸውን ከሳሽ ፊት ያቆማቸዋል።

በ428 ባቀረበው ተውኔት ሂፖሊቶስ የተባለ ወጣት አርጤምስን ብቻ እያከበረ የፍቅር አምላክ አፍሮዲቴን ይንቃል። አፍሮዲቴ መድረክ ላይ ወጥታ ዕቅዷን ትነግረናለች፤ የእንጀራ እናቱ ፌድራ በፍቅሩ ትነደፋለች። ፌድራ ምንም አላጠፋችም። አፍሮዲቴም ታውቃለች፤ ግን ግድ የላትም። ፌድራ ደፈረኝ የሚል የሐሰት ደብዳቤ ትታ ራሷን ሰቀለች። አባቱ ቴሴዎስ ሳያጣራ ረገመው። ፖሰይዶን ከባሕር በሬ ላከ፤ ልጁ በፈረሶቹ ተጎትቶ ደቀቀ። አርጤምስ መጨረሻ ላይ መጥታ የምትለው ያስደነግጣል፦ በአማልክት ዘንድ አንዱ የሌላውን ፈቃድ አይቃወምም፣ ልማዳችን ነው። በምላሹ አፍሮዲቴ የምትወደውን ሌላ ሰው እንደምትገድል ቃል ገብታ ሄደች። ገና በመጀመሪያ አንድ አሽከር አማልክት ከሰው ይልቅ አስተዋይ መሆን አለባቸው ብሎ ነበር።

በሌላ ተውኔቱ ሄራ በሄራክለስ ላይ እብደትን ትልካለች። እብደት በአካል መድረክ ላይ ትወጣለች፤ እሷ ራሷ ይህ ሰው አይገባውም ብላ ትከራከራለች። ታዘዘችና ገባች። ሄራክለስ ሚስቱንና ልጆቹን ገደለ። ሲነቃ መሞት ፈለገ። ጓደኛው ቴሴዎስ ሊያጽናናው አማልክትም ይሳሳታሉ፣ ይዋሰባሉ፣ አባቶቻቸውን ያስራሉ፤ ግን ችለው ይኖራሉ አለው። ሄራክለስ አልተቀበለውም። አማልክት እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አላምንም አለ፤ አምላክ በእውነት አምላክ ከሆነ የሚጎድለው ነገር የለም፤ እነዚህ የባለቅኔዎች ከንቱ ተረቶች ናቸው። ይህን የሚለው ራሱ የዜውስ ልጅ ነው፤ ተመልካቹም ሄራ የላከቻት እብደት ወደ ቤቱ ስትገባ አሁን በዓይኑ አይቷል።